ብቻውን ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ መንገደኛ ለደባርቅ ገበያ የሚሰጠው ጥቅም

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያከብረው ቀጠሮ ይዞ፥ ደብዳቤ ልኮ፥ ቀብድ ከፍሎ የሚመጣውን ደንበኛ ነው። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ማንም ሳይጠራው፥ ለማንም ሳያስታውቅ፥ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ከመኪና የሚወርድ አንድ ብቸኛ መንገደኛ ለአንዲት አነስተኛ ከተማ ገበያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ጠልቀን የመረመርነው አይመስለኝም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሰው ነው። ለምሳሌ የማቀርባትም የደባርቅን ከተማ፥ ከእርስዋም በላይ በስሜን ተራራ ጠርዝ ላይ ያለውን ሳንቃ በርን ነው። ምክንያቱም በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እኔ ራሴ እንዲህ ያለ መንገደኛ ሆኜ ወደዚያ ወጥቼ ነበር፤ ያወጣሁትንም ገንዘብ እንደ ሥራዬ ልማድ አንድ በአንድ በማስታወሻ ደብተር መዝግቤአለሁ።

ወደ ጎንደር የሄድኩት ለዚህ ጉዳይ አልነበረም። አሠሪዬ ከአንድ ደንበኛው ጋር የቆየ የሰሊጥ ሒሳብ ስለ ነበረው ይህንኑ አስተካክዬ እንድመለስ ተልኬ ሳለሁ፥ አምስት ቀን ይፈጃል የተባለው ሥራ በሁለት ቀን ተፈጸመ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ የአውሮፕላን ቲኬቴ ደግሞ የሰኞ። በስልክ ፈቃድ ብጠይቅ አሠሪዬ «እስከ ሰኞ የራስህ ጌታ ነህ» አለኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በጽሕፈት ሥራ ከተሰማራሁ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነኝም እንዲህ ያለ ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። ዓርብ ማለዳ ወደ መናኸሪያ ስወርድ ሐሳቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ወይ ወደ ጎርጎራ ወርጄ ጣናን አይ ዘንድ፥ ወይ ወደ ደባርቅ ወጥቼ ተራራውን አይ ዘንድ። የጎርጎራው መኪና ገና ሦስት ሰው ሲይዝ የደባርቁ ግን አንድ ሰው ብቻ ይጎድለው ነበርና ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ። ስንቄ ከደንበኛችን ልጅ የተዋስኩት የተማሪ የጀርባ ሻንጣ፥ አንድ ጋቢ፥ አንድ ሹራብና ጥቂት በሶ ነበረ።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በኮሶዬ ላይ ወጥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፥ በገደብጌና በዳባት በኩል የወገራን ደጋ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ወቅቱ ክረምት ያለፈበት፥ የገብሱ ማሳ ወደ ቢጫነት የዞረበት ስለ ነበረ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ነው። በመኪናው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሻንጣዬን ተመልክተው «ለቅሶ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አይደለም አልኩ። «እንግዲያ ክስ አለብዎት?» አሉኝ። እርሱም አይደለም፥ ተራራውን ለማየት ብቻ ነው ብላቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ሰው የለዎትም እንዴ?» በማለት እጅግ አዘኑልኝ።

በሀገራችን ብቻውን ለደስታው የሚጓዝ ሰው እንግዳ ነገር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሆኖም ሻንጣን በጀርባ አዝሎ ብቻን መሄድ ከውጭ የመጣ ነው የሚለው አነጋገር እውነት አይደለም። በዚሁ በደባርቅ በኩል አልፎ ወደ ዋልድባ ገዳም የሚወርደው ተሳላሚ ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ ሲሄድ ኖሯል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር የሚዘዋወረው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው። ብቻውን የማይሄደው ነጋዴው ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅና በሊማሊሞ ቁልቁለት አድርጎ ወደ ዐድዋና ወደ ምጽዋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን በበቅሎ አድርጎ በጓድ ይጓዝ ነበር፤ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ነው። ዛሬ እኛ የነጋዴ ልጆች የተሳላሚውን አካሄድ ስንከተል ሰው ቢደነቅብን አያስወቅስም።

በዚህ ረገድ ሳትጠቀስ መታለፍ የማይገባት አንዲት ሴት አለች። አይርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. ከ1966 መጨረሻ እስከ 1967 መጀመሪያ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም.፥ ጆክ ብላ የሰየመችውን አንድ በቅሎ ይዛ ትግራይንና ስሜንን በእግርዋ አቋርጣ፥ ደባርቅንና ጎንደርን አልፋ እስከ ጣና ዳር ወረደች፤ በኋላም በላሊበላ በኩል አዲስ አበባ ገባች። ስለዚሁ ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሞ በብዙ ሰው እጅ ገብቷል። እርስዋም እ.ኤ.አ. በ2022 በተወለደችበት አገር አረፈች። በዚህ አኳኋን ያለፈች ይህች ሴት ለስሜን ስም ያደረገችውን አገልግሎት በገንዘብ ብንገምተው የማስታወቂያ ወጪው ከባድ በሆነ ነበር። በዚያው ዘመን፥ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ፥ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅትን አቋቁመው ኢትዮጵያን «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» እያሉ ለዓለም ሲያስተዋውቁ ነበር። ያ ጥሪ ለባሕር ማዶ ሰው የቀረበ ነበረ። የአዲስ አበባውን ጸሐፊ፥ የናዝሬቱን አስተማሪ፥ የደሴውን ባለ መደብር ተነሡና ሀገራችሁን እዩ ብሎ የጠራቸው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እምብዛም አልነበረም።

ደባርቅ ስደርስ ብቸኝነቴ ወዲያው አከተመ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በከተማይቱ ውስጥ ይገኛል፤ ማንኛውም ጎብኚ ከዚያ ተመዝግቦ፥ የመግቢያውን ከፍሎ፥ በአካባቢው ስካውት እየተባለ የሚጠራ ባለ ጠመንጃ ጠባቂ ሳይዝ ወደ ተራራው አይወጣም። በመጀመሪያ ሲሰሙት ነፃነትን የሚያጠብ ደንብ ይመስላል፤ ነገር ግን በሌላውም አገር ወደዚሁ እየተመለሱ ነው። የዓለም ተራራ ወጪዎች መናኸሪያ የሆነችው ኔፓል እንኳ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የውጭ ሰው ያለ መሪ ብቻውን እንዳይጓዝ ደንግጋለች። ደንቡ ለነፍስ ጥበቃ ያለው ጥቅም የታወቀ ነው። ለእኛ ለንግድ ሰዎች ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ የመጣው ሰው አንድ ቢሆንም በዚያው ቀን አንድ የደባርቅ ሰው ሥራ ያገኛል ማለት ነው። ለእኔ የደረሱኝ ጠባቂ ዕድሜያቸው ከስድሳ የማያንስ፥ ቀጭን፥ ጋቢያቸውን በትከሻቸው አጣፍተው የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። የያዙት ስንቅ ከእኔም ያነሰ ነበር።

ወደ መካነ ብርሃን በሚሄድ የጭነት አይሱዙ እስከ ቡይት ራስ ሄድን፤ ከዚያ ገደሉን በግራ እያደረግን በእግራችን ተጓዝን። ስለ ስሜን ገደል ብዙ ተጽፏልና እኔ አልጨምርበትም። ይህን ብቻ ልበል፤ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ መሬቱ ከእግር ሥር በድንገት ያበቃል፤ ከታች የሚታዩት አምባዎች እንደ ተገለበጠ ጽዋ በየስፍራው ቆመዋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመቶ እየሆኑ ሣሩን ይነጫሉ፤ ሰው በመካከላቸው ሲያልፍ እንኳ ቀና የማይሉ አሉ። አስታ የሚባለው ቊጥቋጦ ጺም በመሰለ ሽበት ተሸፍኖ ይታያል፤ ከፍ ሲሉም ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በፓርኩ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ብዙ ቀን መቃጠሉን፥ እሳቱን ለማጥፋትም ከውጭ አገር ጭምር ርዳታ መጥቶ እንደ ነበር የምናስታውሰው ነው። ሽማግሌው ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

ሳንቃ በር ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ስሙ ለስፍራው የተስማማ ነው፤ በሁለት ወገን ገደል የያዘው ጠባብ ጀርባ ስለ ሆነ በእርግጥም ወደ ስሜን መግቢያ በር ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 ፓርኩን ለማቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኖ የተላከው የዌልስ ተወላጅ ሲ. ደብልዩ. ኒኮል የሰፈረው እዚህ ነበር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በመጀመሪያው መዝገብ ከላሊበላ ጋር የዓለም ቅርስ አድርጎ ጻፈው። እንግዲህ ይህ ጠባብ ጀርባ በዓለም መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች የአንዱ ደጃፍ ነው ማለት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን የት እንደሚገኝ ተጠይቀን ካርታ እንፈልጋለን።

ማታ ከጠባቂዎቹ ጋር በእሳት ዙሪያ ተቀመጥን። ከእነርሱ አንዱ ምን እንዳመጣኝ ቢጠይቀኝ ከሥራ ተርፌ ብቻዬን መምጣቴን ነገርኩት። የእኔ ሽማግሌ ከወዲያ ሆነው «ብቻዬን መጣሁ ይላሉ፤ እኔ እንግዲህ ምን ልባል ነው?» ብለው ሁሉን አሳቁ። ሌሊቱ እጅግ ብርድ ነበር፤ ሲነጋ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፥ ከገደሉ በታች ያለው ቆላ ሁሉ በደመና ተሞልቶ አምባዎቹ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለው አየሁ። ጎርጎራን ትቼ በመውጣቴ ያሰብኩት ሐይቅ አልቀረብኝም። ቅዳሜን እስከ ጅንባር ፏፏቴ ድረስ ሄደን ተመለስን፤ ከክረምቱ የተረፈው ውሃ ገና ብዙ ስለ ነበረ ወደ ገደሉ ሲወረወር መሬት ሳይደርስ ጢስ ይሆናል።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ። በሦስቱ ቀን ያወጣሁት ገንዘብ በዐሥራ አንድ ሰው እጅ ገብቷል። አንዱ የጎንደሩ ባለ መኪና ነው፤ አንዱ የመንግሥት ሣጥን ነው። የቀሩት ዘጠኙ ሁሉ የደባርቅና የገጠርዋ ሰዎች ናቸው፤ ጠባቂው፥ ባትሪና ሻማ የሸጠልኝ ባለ ሱቅ፥ ዳቦ የጋገረችው ሴት፥ ብርድ ልብስ ያከራየኝ ሰው፥ የአይሱዙው ሾፌር፥ ሳንቃ በር ላይ ሽሮና ሻይ ያዘጋጀችልኝ እናት፥ እሑድ ጠዋት ጉልበቴን ሲያመኝ በቅሎውን ያቀረበልኝ ወጣት፥ የበግ ፀጉር ቆብ የሸጠችኝ ልጅ፥ በመጨረሻም እሑድ ማታ ያደርኩበት ቤት ባለቤት። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ደላላ ሳይነካው፥ በዚያው ዕለት፥ በጥሬው የተከፈለ ነው።

ከዚህ ጋር በጓድ የሚመጣውን ጎብኚ ማነጻጸር ይገባል። እርሱ የሚከፍለው አዲስ አበባ ላይ ላለ ወኪል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከባሕር ማዶ ሳይነሣ ነው። ድንኳኑን፥ ምግቡን፥ እስከ ውሃው ድረስ በመኪና ጭኖ ሲመጣ ደባርቅን የሚያያት ከመስኮት ነው። በጓድ መምጣቱን አልነቅፍም፤ ለጠባቂውም፥ ለመሪውም፥ ለባለ በቅሎውም ሥራ ያመጣል፥ የገንዘቡም ጠቅላላ መጠን ከእኔ ዐይነቱ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ለባለ ሱቁ፥ ለጋጋሪዋና ለባለ መኝታ ቤቱ ከጓዱ ይልቅ ብቸኛው ይሻላቸዋል፤ ምክንያቱም ብቸኛው ምንም ይዞ ስለማይመጣ ሁሉን ከዚያው ይገዛል።

ታዲያ ይህ ሰው ሲመጣ የሚጠብቀው ዝግጅት ምን ይመስላል? ዓርብ ቀትር ላይ አንድ ማደሪያ ቤት ገብቼ ለእሑድ ማታ አንድ አልጋ ብጠይቅ፥ ክፍሎቹ ባለ ሁለት አልጋ ስለ ሆኑ ወይ የሁለቱን ክፈል ወይ ሂድ ተባልኩ። ክፍሎቹ ግን ባዶ ነበሩ። በሌላም ስፍራ የብርድ ልብስ ኪራይ ዋጋ ብጠይቅ ሦስት ሰዎች ሦስት ዋጋ ነገሩኝ። የተጻፈ ዋጋ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ እንግዳው መከራከሩን ትቶ ቶሎ ይከፍል ነበር፤ እኔ በጽሕፈት ሥራ የኖርኩ ሰው ስለ ሆንኩ ይህን ስል ለሙያዬ አድልቼ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝም እንዲሁ ነው። ለራሱ የሚጓዝ ሰው ባይፈልገው እንኳ እንደ እኔ ከሥራ ተርፎ የሚመጣው ይፈልገዋል፤ ወደ ጎንደር ለጉዳይ የሚመላለሰው የባንክ ሠራተኛ፥ ሒሳብ መርማሪ፥ የመድኃኒት ወኪል ሁሉ ሁለት ቀን ሊተርፈው የሚችል ሰው ነው።

ከዕቃ ወገን ደግሞ ባለ ሱቁ ራሱ የጎደለውን አሳምሮ ያውቀዋል። ሽሮና በርበሬ በኪሎ ይሸጣል፤ ለሁለት ማታ የሚበቃ ግን በትንሽ ከረጢት ታስሮ አይገኝም። የመኝታ ከረጢት፥ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፥ አነስተኛ የቡታ ጋዝ የለውም። ቢያመጣው እንደሚሸጠው ያምናል፤ ከማን እንደሚያስመጣው ግን አያውቅም። «አዲስ አበባ ብሄድ የመንገዱ ኪራይ ትርፉን ይበላብኛል፤ በደብዳቤ ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል?» አለኝ። ይህ የደባርቅ ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ ከአስመጪው የራቀ የማንኛውም ወረዳ ቸርቻሪ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ ከባድ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከተራራው ወርደው በደባርቅ ከተማ እንዲሠፍሩ ተደርጓል። ይህም ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ግጦሽና መኖሪያ ለማስፋት የተደረገ ነው። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የነበረው ስሜን በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ሊወጣ የቻለውም ከሌሎች ሥራዎች ጋር በዚህ ምክንያት ነው። ለዋልያው መልካም ሆነ። ገብስ ያበቅልና በግ ያረባ የነበረው ገበሬ ግን ዳቦውን በገንዘብ የሚገዛ ከተሜ ሆነ። ያን ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ካሉት በሮች አንዱ እንግዳ ነው። ስለዚህ በደባርቅ የአንድ እንግዳ መምጣትና መቅረት የትርፍ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። እኔ ከተመለስኩ ከአምስት ወር በኋላ፥ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፥ የኮሮና በሽታ ወደ ሀገራችን ገባ፤ እንግዳም ቀረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ በነሐሴም ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ደባርቅም ከቀያቸው የተፈናቀሉትን ተቀብላ ትምህርት ቤቶችዋን ማደሪያ አደረገች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም መንገዱ ይከፈታል የሚል ተስፋ ነበረ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ማብቂያ ግን በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ግድ ሆኖበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለ ሆቴሉ በሩን ዘግቶ ወጪውን ሊቀንስ ይችላል። በቅሎ ግን እንደ ሱቅ አትዘጋም፤ ሥራ በሌለበት ቀንም ገብስዋን ትበላለች። በቅሎውን ሸጦ የጨረሰ ሰው መንገዱ በተከፈተ ማግሥት መልሶ ሊገዛት አይችልም፤ ልጁም የጭነትን ሙያ ሳይማር ያድጋል። ሽማግሌው ጠባቂ ከኪሳቸው አውጥተው ያሳዩኝ የምስጋና ወረቀቶች በፈረንሳይኛ፥ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ፤ በአማርኛ የተጻፈውን የመጀመሪያ ወረቀት የሰጠኋቸው እኔ እንደ ሆንኩ ነገሩኝ።

ወደ አዲስ አበባ እንደ ተመለስኩ በአሠሪዬ ፈቃድ ለአንድ አስመጪ ነጋዴ ደብዳቤ ጽፌ የመኝታ ከረጢት፥ የግንባር ባትሪና አነስተኛ ቡታ ጋዝ ለደባርቁ ባለ ሱቅ በምን ዋጋና በምን ሁኔታ ሊላክለት እንደሚቻል ጠይቄ ነበር። መልሱ ከነዋጋ ዝርዝሩ የደረሰን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሳምንት ነው። ባለ ሱቁ በስልክ ሲሰማው «ለጊዜው ይቆይልኝ» አለ። ዝርዝሩ ከዚያ ጀምሮ በፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ዘመን አልፎበታል። ባለፈው ሰሞን ባለ ሱቁ ራሱ ደውሎ ያ ወረቀት ገና እንዳለ ጠየቀኝ። ስለዚህ አዲስ ዋጋ እንዲላክልን በዚህ ሳምንት ለአስመጪው ጽፈናል፤ ከዚህ ቀደም በደርዘን የተጠየቀው የመኝታ ከረጢት በዚህ ጊዜ የተጠየቀው በአራት ነው።